ሞተሩን የሚያዘው ማን ነው?

የኤሌክትሪክ መኪና በአገራችን መንገዶች ላይ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ ድምፁ እምብዛም የማይሰማው ተሽከርካሪ በየሰፈሩ ይታያል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛና ኤሌክትሪክን ከወንዞቿ ለምታመነጭ አገር ይህ ጉዞ የሚሰጠውን ጥቅም ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም።

ይሁን እንጂ ስለነዚህ መኪናዎች የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ጥያቄዎች አያልፍም፤ ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል? የትስ ቻርጅ ይደረጋል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ግን ሦስተኛ ጥያቄ ማንሳት እንወዳለን። በባትሪው ውስጥ የተከማቸው ኃይል ጎማውን የሚያዞረው እንዴት ነው? ሞተሩንስ የሚያዘው ማን ነው? አቋማችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ የኤሌክትሪክ መኪና ዋና ምስጢር ሞተሩን በሚቆጣጠረው ስሌት ውስጥ ይገኛል። ይህን ስሌት ሳናውቅ መኪናውን ብቻ ብናስገባ፣ የነዳጅ ጥገኝነትን በእውቀት ጥገኝነት ለወጥን ማለት ነው።

ሞተሩ አዲስ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1821 እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ያለማቋረጥ እንዲዞር በማድረግ ኤሌክትሪክ እንቅስቃሴን ሊፈጥር እንደሚችል አሳየ። በ1888 ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ፌራሪስና በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ኒኮላ ቴስላ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ የሚሽከረከር መግነጢሳዊ መስክ የሚፈጠርበትን ዘዴ ይፋ አደረጉ። በዓመቱ ሚኻይል ዶሊቮ-ዶብሮቮልስኪ በሦስት ጅረቶች የሚሠራውን ሞተር ዛሬ ከምናውቀው ጋር በሚቀራረብ መልክ ሠራው። በ1899 ደግሞ ካሚል ዤናትዚ የተባለው ቤልጅየማዊ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመንዳት የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ የነዳውም መኪና የኤሌክትሪክ ነበር።

ታዲያ ሞተሩ ይህን ያህል ዕድሜ ካለው፣ ስለ ምን መንገዱን ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ለቤንዚንና ለናፍጣ ለቀቀ? አንደኛው ምክንያት የባትሪው ክብደትና አቅም እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ብዙም አይነገርለትም፤ እርሱም ሞተሩን እንደ ልብ ማዘዝ አለመቻሉ ነው።

የቀድሞዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በቀጥተኛ ጅረት በሚሠራ ሞተር ይጠቀሙ ነበር። ይህ ሞተር ለማዘዝ ቀላል ነው፤ ቮልቴጁን ሲጨምሩለት ይፈጥናል፣ ሲቀንሱለት ይዘገያል። ነገር ግን ጅረቱን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሱት እየተፋተጉ የሚያልቁ የካርቦን ቁራጮች ናቸው። በተለዋዋጭ ጅረት የሚሠራው ሞተር እነዚህ ስለሌሉት ጠንካራና ብዙ ጥገና የማይሻ ነው። ፍጥነቱ ግን የሚወሰነው በሚመጣለት ጅረት ድግግሞሽ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር ድግግሞሹ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሆነ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር ዘወትር በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይሽከረከራል። ለወፍጮ ይህ መልካም ነው። ከቆመበት ተነሥቶ ዳገት መውጣት፣ በሰው መካከል ማዝገም፣ በአውራ ጎዳናም መፍጠን ላለበት መኪና ግን አይበቃም።

የቆመ ሽቦ፣ የሚዞር መስክ

የሞተሩ የማይንቀሳቀስ ክፍል ስታተር፣ በመካከሉ የሚሽከረከረው ክፍል ደግሞ ሮተር ይባላል። በስታተሩ ውስጥ የመዳብ ሽቦዎች በሦስት ምድብ ተከፍለው ተጠቅልለዋል። በቀላሉ ሞተር ምድቦቹ እርስ በርሳቸው በ120 ዲግሪ ተራርቀው ይቀመጣሉ። በእያንዳንዱ ምድብ የሚያልፈው ጅረት ከፍና ዝቅ እያለ አቅጣጫውን ይለዋውጣል፤ ሁለተኛው ከአንደኛው፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው በዑደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ዘግይቶ ይከተላል። አንዱ ሲበረታ ሌላው ይደክማል። የሦስቱ ድምር የሆነው መግነጢሳዊ መስክ ግን ጥንካሬው ሳይለወጥ አቅጣጫው ብቻ በክብ ይዞራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ሽቦው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የዞረው መስኩ ነው። ነፋስ በስንዴ ማሳ ላይ ሲያልፍ ማዕበሉ ከዳር እስከ ዳር ይጓዛል፤ እያንዳንዱ አገዳ ግን ባለበት ጎንበስ ቀና ከማለት በቀር የትም አልሄደም። በስታተሩ ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ሮተሩ ይህን የሚዞር መስክ የሚከተለው በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ነው። በአንደኛው ዓይነት ሮተሩ የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ዘንጎች ያሉት ብረት ነው፤ የሚያልፍበት መስክ በዘንጎቹ ውስጥ ጅረት ይቀሰቅሳል፣ ጅረቱም የራሱን መስክ ፈጥሮ ሮተሩን ይጎትታል። ይህ ኢንዳክሽን ሞተር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጄኔራል ሞተርስ ኢቪ-ዋንና በ2008 የወጣው ቴስላ ሮድስተር የተጠቀሙበት ነው። በሁለተኛው ዓይነት በሮተሩ ውስጥ ቋሚ ማግኔት ይቀበራል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የተሠራው ብርቱ ማግኔት ከተገኘ በኋላ ይህ ዓይነት በጣም ተስፋፋ። በ2010 የወጣው ኒሳን ሊፍ የተሠራው በዚህ ነው፤ የዛሬዎቹም መኪናዎች አብዛኞቹ ይህንኑ መርጠዋል። ከዚህ በታች የምናወራው ስለዚሁ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ፍየሏና ቅጠሉ

እረኛ ፍየልን ለመምራት ሲፈልግ ለምለም ቅጠል ይዞ ከፊት ከፊቷ ይሄዳል። ቅጠሉን ከአፏ ቢያደርሰው ቆማ ትበላለች። እጅግ ቢርቅባት ደግሞ ተስፋ ቆርጣ ትቆማለች። ጥበቡ ርቀቱን መጠበቅ ነው፤ ስትፈጥን መፍጠን፣ ስትዘገይም መዘግየት።

ሞተሩም እንዲሁ ነው። የስታተሩ መስክ ከሮተሩ ማግኔት ጋር በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፈ የሚስብ ኃይል ቢኖርም የሚያዞር ጉልበት የለም። መስኩ እየቀደመ ሲሄድ የማዞር ጉልበቱ በመካከላቸው ካለው ማዕዘን ሳይን ጋር አብሮ ያድጋል። በ90 ዲግሪ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ሲያልፍ መልሶ ይቀንሳል፤ በ180 ዲግሪ ዜሮ ይሆናል። ማግኔቱ በብረት ውስጥ በተቀበረባቸው ሞተሮች የብረቱም ቅርጽ በማዞሩ ስለሚያግዝ ተመራጩ ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

እንግዲህ ሞተርን ማዘዝ ማለት ሮተሩ በየቅጽበቱ የት እንዳለ ማወቅና መስኩን ሁልጊዜ በሚገባው ማዕዘን ከፊቱ ማስቀደም ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በሮተሩ ዙሪያ አራት ጥንድ ዋልታ ያለውና በደቂቃ 10,000 ጊዜ የሚዞር ሞተርን እንውሰድ። የጅረቱ ድግግሞሽ በሴኮንድ 667 ያህል ይሆናል። እረኛው በዚህ ፍጥነት ከምትሮጥ ፍየል ፊት ቅጠሉን ይዞ መሮጥ አለበት።

የኢንቨርተሩ ሥራ

ባትሪው የሚሰጠው ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ በብዙ መኪናዎች ቮልቴጁ በ350 እና በ400 መካከል ይሆናል። ይህን ወደ ሦስት ተለዋዋጭ ጅረቶች የሚለውጠው መሣሪያ ኢንቨርተር ይባላል። በውስጡ ስድስት ኃይለኛ ትራንዚስተሮች አሉ፤ ለእያንዳንዱ የሽቦ ምድብ ሁለት ሁለት ማለት ነው። ትራንዚስተሮቹ የሚያውቁት መክፈትና መዝጋትን ብቻ ነው፤ ግማሽ መክፈት የሚባል ነገር የላቸውም።

ታዲያ ከመክፈትና ከመዝጋት ብቻ ለስላሳ ማዕበል እንዴት ይወጣል? የመስኖ ቦይ መዝጊያን እናስብ። መዝጊያው በፍጥነት እየተከፈተ እየተዘጋ፣ የተከፈተበት ጊዜ ከተዘጋበት ቢረዝም ወደ ማሳው የሚደርሰው ውኃ ይበዛል፤ ቢያጥር ያንሳል። ማሳው ላይ የቆመ ሰው ግን የሚያየው የመዝጊያውን መንቀጥቀጥ ሳይሆን የውኃውን መጠን ነው። ትራንዚስተሮቹም በሴኮንድ ወደ 10,000 ጊዜ ያህል ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ የጅረትን ድንገተኛ ለውጥ ስለሚቃወም፣ የተቆራረጠውን ቮልቴጅ ወደ ለስላሳ ጅረት ይለውጠዋል።

በሮተሩ ላይ ተቀምጦ ማየት

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ደረስን። ሦስት ጅረቶች በየቅጽበቱ ይለዋወጣሉ። መቆጣጠሪያው ሦስቱንም እያሳደደ ማረም አለበትን? በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ከጎናችን የተቀመጠ ሰው በመንገድ ዳር ለቆመ ተመልካች በፍጥነት ያልፋል፤ ለእኛ ግን ዝም ብሎ እንደተቀመጠ ነው። የሚዞረውን መስክም ከውጭ ቆመን ብናየው ይዞራል፤ በሐሳብ በሮተሩ ላይ ተቀምጠን ብናየው ግን ይቆማል።

ይህን እይታ በሒሳብ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካዊው ሮበርት ፓርክ ነበር። ሦስቱን ጅረቶች ወደ ሁለት የሚያጠቃልለው ስሌት ደግሞ በኢዲት ክላርክ ስም ይጠራል፤ እርሷም በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ፕሮፌሰር የሆነችው ናት። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን ካርል ሀሰና ፌሊክስ ብላሽከ ይህን ስሌት ሞተርን ለመቆጣጠር አዋሉት።

የስሌቱ ውጤት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው ከማግኔቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሰለፈው ጅረት ሲሆን፣ መስኩን ያጠነክራል ወይም ያዳክማል። ሁለተኛው ለማግኔቱ ቀጤ ነክ የሆነው ጅረት ነው፤ የማዞር ጉልበቱ በዋነኛነት የሚመጣው ከዚህኛው ነው። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ መቆጣጠሪያው የሁለተኛውን ቁጥር መጠን ከፍ ያደርጋል። ከዚያም ጅረቶቹን ይለካል፣ የሮተሩን አቅጣጫ ከሴንሰሩ ይቀበላል፣ ሁለቱን ቁጥሮች ያሰላል፣ ከሚፈለገው ጋር ያነጻጽራል፣ ልዩነቱን ያርማል፣ መልሶ ወደ ሦስት ጅረቶች ይለውጥና ትራንዚስተሮቹን ያዛል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ አሥር ሺኛ ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ነው። በጥንቱ ሞተር አንድ ቮልቴጅ በመጨመርና በመቀነስ ይገኝ የነበረው ቀላል ትእዛዝ በዚህ ስሌት አማካይነት ለጠንካራው ሞተር ተመለሰለት።

እዚህ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምንለው አለ። «ሳይንና ኮሳይን ምን ይሠሩልናል?» የሚለው ጥያቄ በየክፍሉ ይሰማል። የፓርክ ስሌት ከሳይን፣ ከኮሳይን፣ ከማባዛትና ከመደመር የዘለለ ነገር አይጠይቅም። መኪናው ዳገቱን የሚወጣው በእነርሱ ነው።

ስሌቱ በመንገድ ላይ

የ2010ሩ ኒሳን ሊፍ ሞተር 80 ኪሎ ዋት ኃይልና 280 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት ነበረው። ኃይል የማዞር ጉልበትና የማዕዘናዊ ፍጥነት ብዜት ስለሆነ፣ 80,000 ለ280 ሲካፈል በሴኮንድ 286 ራዲያን ያህል ወይም በደቂቃ 2,730 ዙር ይሆናል። ሞተሩ ከቆመበት ጀምሮ እስከዚህ ፍጥነት ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የማያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ከዚያ በላይ ኃይሉ ባለበት ሲቆይ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ማግኔቱ እየዞረ በስታተሩ ሽቦ ውስጥ የራሱን ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ይህ ቮልቴጅ አድጎ የባትሪውን ይገዳደራል። በዚህ ጊዜ መቆጣጠሪያው የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ አሉታዊ በመውሰድ የማግኔቱን መስክ ያዳክምና መኪናው ተጨማሪ እንዲፈጥን ያደርጋል። ከዚህ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። የተበላሸን መኪና በገመድ አስሮ መጎተት በአገራችን የተለመደ ነው። ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች መሬት ነክተው የሚጎተት የኤሌክትሪክ መኪና ግን፣ ማንም ሳያዘው ጄኔሬተር ሆኖ ቮልቴጅ ወደ ኢንቨርተሩ ሊልክና ሊያበላሸው ይችላል። ብዙ አምራቾች እንዲህ ያለውን መጎተት የሚከለክሉት ስለዚህ ነው።

ይኸው ጠባይ በታዘዘ ጊዜ ግን በረከት ነው። መቆጣጠሪያው የሁለተኛውን ቁጥር ምልክት ሲገለብጥ ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዛል፣ የተያዘውም ኃይል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ድልድይ ስንወርድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 15.7 ሜጋ ጁል ገደማ ወይም 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። በናፍጣ መኪና ይህ አብዛኛው የፍሬን ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ግማሹ እንኳ ቢመለስ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ መኪናን በሜዳ ላይ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬደዋል። ባትሪው ከላይ ሙሉ ሆኖ ከተነሣ ግን የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ለአዲስ አበባ ነዋሪም ሌላ ትርፍ አለ። በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ኃይሉ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ለማቃጠል አየር አይሻም።

ምን እናድርግ?

«መኪናውን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ለእኛ መንዳቱ ይበቃናል» የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ «የኤሌክትሪክ መኪና የሚንቀሳቀስ አካሉ ጥቂት ስለሆነ ብልሽት የለበትም» ይላሉ። የሁለተኛው አባባል ግማሽ እውነት አለው፤ የሚፋተገው አካል በእርግጥ ቀንሷል። ውስብስብነቱ ግን አልጠፋም፤ ከብረቱ ወደ ስሌቱ ተዛወረ እንጂ። አንድ ምሳሌ እንስጥ። አራት ጥንድ ዋልታ ባለው ሞተር የአቅጣጫ ሴንሰሩ ተፈትቶ በ15 ዲግሪ ብቻ ተዛንፎ ቢገጠምና መቆጣጠሪያው ባያውቀው፣ በኤሌክትሪኩ ስሌት ስሕተቱ 60 ዲግሪ ይሆናል፤ የማዞር ጉልበቱም በማግኔቱ ድርሻ ሲሰላ በግማሽ ይቀንሳል። በ45 ዲግሪ ቢዛነፍ ጉልበቱ ተገልብጦ መኪናው ወደ ፊት ሲታዘዝ ወደ ኋላ ይገፋል። ይህን ሰንሰለት የማያውቅ መካኒክ ጤነኛ ሞተርን አውጥቶ ሌላ ሞተር ያስገዛል፤ ዋጋውም የሚከፈለው በዚያው ልናድነው በፈለግነው የውጭ ምንዛሪ ነው።

«ሶፍትዌሩ የተቆለፈ ነው» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ክብደት አለው። የየኩባንያው ፕሮግራም በእርግጥ ዝግ ነው። መሠረተ ሐሳቡ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በመጻሕፍት የኖረ፣ የማንም ያልሆነ የሳይንስ ሀብት ነው። እርሱን የያዘ ሰው የተቆለፈውን ሣጥን ባይከፍት እንኳ ሣጥኑ የሚገባውን እየሠራ መሆኑንና አለመሆኑን በመለኪያ ሊፈርድ ይችላል።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል እንላለን። አንደኛ፣ የሞተር፣ የኃይል ኤሌክትሮኒክስ፣ የቁጥጥር ንድፈ ሐሳብና የፕሮግራም ትምህርቶች ለየብቻ ከሚሰጡ፣ ተማሪው አንድን ሞተር ራሱ እስኪያዝ ድረስ በአንድ የላቦራቶሪ ሥራ ይገናኙ። ለዚህ መኪና መግዛት አያስፈልግም፤ 24 ቮልት የሚበቃው አነስተኛ ሞተር፣ ስድስት ትራንዚስተሮችና አንድ ማይክሮኮንትሮለር ያንኑ ሳይንስ ያስተምራሉ። ሁለተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች አስቀድመው ደኅንነትን ይማሩ። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይሸከማሉ፤ መኪናው ከጠፋ በኋላም በኢንቨርተሩ ካፓሲተሮች ውስጥ ያለው ኃይል እስኪወጣ መጠበቅና በመለኪያ ማረጋገጥ ግድ ነው። ሦስተኛ፣ ይህ እውቀት መካኒኩና ተማሪው በሚግባቡበት ቋንቋ ይጻፍ። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብቻ የሚኖር እውቀት ጋራዥ ድረስ መድረሱ ያጠራጥራል።

ውድ ተማሪዎች፣ በቀጣዮቹ ዓመታት እነዚህ መኪናዎች ያረጃሉ፤ ዋስትናቸው ያልቃል፤ ወደ ጋራዥ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ኮፈኑን ከፍቶ ብርቱካንማውን ገመድ የሚያይ ሰው ወይ ይፈራል፣ ወይ በድፍረት ይነካና ይጎዳል፣ ወይም ደግሞ ለክቶ፣ አስልቶ፣ ጥፋቱ የት እንደሆነ ያውቃል። ሦስተኛው ሰው የሚገኘው ዛሬ በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ትንሿን ሞተር ለማዘዝ ከሚደክሙት መካከል ነው።